ቢጫዋ ገመድ

ዴኩን በጀርባዬ በፎጣ ቋጥሬ፣
ሰባ ሁለት ደረጃ በጉልበቴ ቆጥሬ፣
ኮዬ ፈጬ ገባሁ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤
ባንድ ወገን ጤፍ ማሳ፣ ባንድ ወገን ክሬን የሚታይ።
ከፈረሰው ግቢ ከተረፈው ዕቃ
ልጆቼ «ጣይው» ሲሉኝ እኔ ሆንኩ ጠበቃ።

ቴሌቪዥኑ አዲስ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣
ጀርባውን ብዳብሰው ቀዳዳው ሁሉ ጠፍቷል።
የድሮው ቦርጫም ነበር፤ የሰጡትን ይውጣል፣
ይኼ ሸንቃጣ ግን ሽቦ እንኳ ይመርጣል።

ያብስራን ጠራሁት፣ የምድር ቤቱን ልጅ፣
ስልክ ፈትቶ ይገጥማል በዚያ ቀጭን እጅ።
አየው፣ አገላበጠው፣ የካሴት መጉረሻው ላይ ጣቱን ሰደደና
«እማማ፣ ይነክሳል?» አለኝ ሳቅ አለና።
ሦስቱን ገመድ አወጣሁ፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ፣
«አረንጓዴው የታለ? ባንዲራ ነው ወይ?»

«ቀዩም ነጩም ድምፅ ነው» አልኩት፣ «ቢጫዋ ናት ዓይኑ።»
የተማርኩትን ነው። ወንድይፍራው፣ ነፍሱን ይማረው፣
ቪዲዮ ቤት ሲያሳይ በስሙኒ፣
ግድግዳው በላብ እስኪረጥብ ሰው በአግዳሚ ሲተፋፈግ፣
በር ላይ ተቀምጬ ሳንቲም የምለቅም እኔ ነበርኩ።
ፊልሙን ሁሉ የማውቀው በጆሮዬ ነው፤
ጩኸቱን እንጂ ፊቱን አላየሁት።

«አሮጌና አዲስ በቀጥታ አይነጋገርም፤
መሀል የሚገባ ኮንቨርተር ያስፈልጋል» አለ ልጁ።
ማግስቱን ከቱሉ ዲምቱ ክብሪት የሚያህል ገዛሁለት፣
«ሽማግሌ» አልኩት፣ የተኳረፈ ስላለበት።

ዴኩ እንደ አሮጌ ወፍጮ አጓርቶ ካሴቱን ጎረሰ።
ሪሞቱን ጫን፣ ደግሞ ጫን፤
አንድ ላይ የለም፣ ሁለት ላይ የለም፣
ሦስት ላይ ሰማያዊ መጣ። ሰማያዊ ብቻ።
ቆየና ዝናብ።
ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ የጌጃ ሰፈር ዝናብ፤
ቀጥሎ የሰው ጉሮሮ ተጠራረገ፦
«ቀይዋ በርታለች? እየቀዳ ነው?
አንቺ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪ እስቲ። ዙሪ።»

አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ
ከሸንቃጣው ሆድ ወጣ።
ያብስራ አላወቀም። «ምስል የለም» ይላል፣
«ቢጫዋን አይጥ በልቷታል» ይላል፣
ይጠመዝዛል፣ በፕላስተር ይጠቀልላል፣

ድንገት በራ።

ግቢው። የልጄ ክርስትና።
ዳሱ ውሃ አቁሮ አንዱ በእንጨት ሲገፋው፣
እኔ፣ ቀጭን፣ የውሰት ጫማ አድርጌ፣ ስስቅ፣
የሞተውም ያለውም ከአንድ ትሪ ሲበላ።
ፈለግሁት።
ዳሱ ሥር፣ በሩ ላይ፣ ከጠላው ጋን ኋላ ፈለግሁት።
የለም። ካሜራውን የያዘው እሱ ነዋ!
ጥላው እንኳ የለም፤ ያን ቀን ፀሐይ አልወጣም።
አንድ ሰዓት ሙሉ ሁሉን አየ፣ አልታየም።
ምስሉ በጠራ ቁጥር እሱ እየራቀ፣
የሚስቀው እየበዛ ድምፁ እየደቀቀ።

«ቢጫዋን ንቀልልኝ» አልኩት ልጁን፣
«ካሴቱንም ከመጀመሪያው አጠንጥነው።»
«እማማ! ስንት ደክሜ!»
«ግድ የለም፣ ንቀላት።»
ነቀላት።

ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማያዊው ላይ ዝናብ ይወርዳል።
«ዙሪ» ይለኛል፣ «ዙሪ እስቲ።»
ወንበሬን ይዤ
ወደ መስኮቱ ዞርኩ።