እንደገና ከአንድ

ሦስት ዓመት ሙሉ ስቆጥር ነበር፤
አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ የሆቴል በር፤
ምንጣፉ ለስላሳ፣ መስታወቱ ጥሩ፣
ደንበኛዬ ዝም፣ የሚያወራው ቁጥሩ።
«ስንት ቀረኝ?» ይላል። «አምስት።» «አሁንስ?» «አራት።»
ክፍያው በወቅቱ፣ ምስጋናው በሥርዓት።
ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ
ጉሮሮዬ ደህና፤ ይህ ነበር በሽታ።

ድሮ ነበር እንጂ ድምፄ የሚዘጋ፣
በሆጤው አዳራሽ፣ ገና ሳይነጋ፣
አርባ ሰው ከፊቴ እንደ ማሽላ ማሳ
ሲጎነበስ አብሮ፣ አብሮም ሲነሣ።
ከዚያ ያ ጊዜ መጣ፤ ስሙን አላነሣም፤
ብረት፣ ምንጣፍ፣ ገመድ፤ የጫነው አልረሳም።
መስታወቱን የያዙት ስምንት ብሎኖች ብቻ
ግድግዳው ላይ ቀሩ፣ ጠፍቷቸው መፍቻ።
ሰዎቼም ተበተኑ፤ ማን ሎጊያ፣ ማን ኮምቦልቻ።

ጥቅምት ላይ ነው መሰል፣ ሲስተር ጦይባ መጥታ፣
ከነጭ ጋውኗ ኪስ ወረቀት አውጥታ፦
«ስኳር አለባቸው፣ ግፊት፣ ወገብ፣ ጉልበት፤
ሃያ ሰባት ናቸው፤ ቀበሌው ሰጥቷል ቤት።
ብር የላቸውም» አለች። «ጊዜ የለኝም» አልኳት።
ወረቀቱን ኪሴ ስትከት ግን አልከለከልኳት።

ቅዳሜ ሄድኩ እንግዲህ። ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
የቀበሌው ጣሪያ ካፊያ ተንተርሶ፤
እትዬ ደብሪቱ ሹራብ፣ ነጠላ ከበላይ፣
ሀጂ እብሬ ከነከዘራቸው የፊት ረድፍ ላይ፣
ልብስ ሰፊው አስናቀው ሜትር ባንገቱ አጥልቆ፣
አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ቀበቶውን አጥብቆ።
አዩኝ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
ሙዚቃ ከፈትኩኝ፤ ሁለት ደቂቃ ሄደ፤
መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ወረደ።
ሆቴል ቢሆን ኖሮ ጄኔሬተር አለ፤
እዚህ ካፊያው ብቻ ጣሪያው ላይ ቀጠለ።

ምን ላድርግ? አጨበጨብኩ። «አንድ!» አልኩ፣ «ሁለት!»
ድምፄ ሲጢጥ አለ፣ ዘይት እንደራቀው ብረት።
«ሦስት!» ስል፣ «አራት!» አሉ እትዬ ጮክ ብለው፤
አምስትን አስናቀው፣ ስድስትን ፖሊሱ ተቀብለው፣
ሰባትን ሁሉም ሰው፤
ስምንትን እንጃ፣ ጣሪያው ይሆናል ያለው።

«ግራ!» ስል ሀጂ እብሬ ወደ ቀኝ ነጎዱ፤
«ሀጂ ካሉማ» እያሉ ሌሎቹም አብረው ሄዱ።
«በግራ ነው ሀጂ!»
«ልጄ፣ እጅህ ቀኝ ይላል፣ አፍህ ግን ግራ ነው፤
እጅህን ልከተል? አፍህን? የቱን ልመነው?»

እውነታቸው ነበር።
ፊት ለፊት የቆመ፣ ሰው ሊመራ የሻተ፣
«ግራ» ሲል በቀኙ ነው፤ ይህን ማን የሳተ?
እኔ።
ሦስት ዓመት ከሰው ጎን፣ ፊቴን ለመስታወት ሰጥቼ፣
ፊት ለፊት መቆምን እንዳለ ረስቼ።
ራሴን ገለበጥኩ፤ ቀኜን «ግራ» አልኩት።
«እንዲያ ነዋ!» አሉኝ ሀጂ፤ ከዘራውን ግድግዳ አስደገፉት።

የእትዬ ነጠላ ሾልኮ መሬት ወርዶ
ፖሊሱ ረገጠው፤ ሳቅ መጣ ተዋልዶ።
የትኛው ቁጥር ላይ ነን? ማንም አላወቀ።
«እንደገና ከአንድ!» አልኩ፤ አዳራሹ ሳቀ።
መብራቱ ሲመለስ ሙዚቃው ተነሣ፤
«ዝጋልን» አሉ እትዬ፣ «ቁጥሩን እንዳንረሳ።»

ሰኞ ሆቴል እገባለሁ፤ የቤት ኪራይ አለ፤
«ስንት ቀረኝ?» ባዩም እንደዚያው እንዳለ።
ያን ቅዳሜ ግን፣
«ጉንፋን ነው?» አለችኝ ሀያት በራት ሰዓት፤
ድምፄ ዝግት ብሏል፤ በምን ልንገራት?
ስምንት ጣቴን ዘረጋሁ። ግራ ገባት።
ከጠረጴዛው ሥር
ቀኝ እግሬ ለብቻው «ግራ፣ ግራ» ሲል ነበር።