ሌላ

ጦሳ ጉም ተከናንቦ ሲያዛጋ በጠዋት፣
ወጣሁ ከፒያሳ፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት።
አፌን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ደም ደም ይሸታል፤
ምላሴ ጥርሴን ዳብሶ «የማን ነው?» ይላል።

እጄ ላይ ደረሰኝ አለ፣ ሰማያዊ ቀለም፤
ዘርግቼ ባነበው፣ ባነበው አያልቅም።
ካርድ፣ መቶ ብር።
ምርመራ፣ ሦስት መቶ።
ማጽዳት፣ ሺህ ስምንት መቶ።
ከሁሉም በታች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣
ሳይጠሩት እንደ መጣ እንግዳ ሹልክ ብሎ ገብቶ፣
ሌላ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ።

ሌላ ማነው ደግሞ?
እኔው ነኝ ብቻዬን፣ ወንበሩ ላይ ጋደም፣
አፌን እንደ ከረጢት ከፍቼ ለዓለም።

ሃያ ደቂቃ ነው። ሰዓት አይቻለሁ፣
በዚያች በምታፏጭ ማሽን ስር ሆኜ ቆጥሬዋለሁ።
በሃያ ደቂቃ እኔ፣ ሰኞ ገበያ፣
አንድ ሱሪ አሳጥሬ፣ ተኩሼ፣ ሰቅዬ ከመስቀያ፣
«ሰማንያ» ብል ሰዉ ፊቱን ያጨማድዳል፤
«ለዚህች ለሁለት ስፌት?» ብሎኝ ይሄዳል።
ይሄዳል፣ ዞሮ ይመጣል፣ ስልሳ ይሰጠኛል፤
ዝም እላለሁ፤ ነገም እሱው ያበላኛል።

ባጃጁ «ግቢ» አለኝ። እግሬ እምቢ አለ።
ዳገቱን ተመለስኩ።
ጥርሴን ነክሼ እንዳልል፣ ድዴ ገና ቆስሏል።

ገንዘብ ተቀባዩ እንድሪስ ነው፣ የከማል ልጅ፤
የሰርጉ ኮት ትከሻ የጠበበው በእኔ እጅ።
«እንድሪስ፣» አልኩት፣ «ይቺ ሌላ ምንድን ናት?»
«ጓንት ናት፣ እትዬ ሩቅያ። ጥጥ ናት።
የመጉመጥመጫ ውሃ፣ ኩባያ ናት።»
«ጓንቱን የለበሰችው እሷ! እኔ ምን አገባኝ?
ኮትህን ሳጠብ ለክር አስከፍዬህ ነበር? በአላህ ንገረኝ!»
ደረሰኙን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ አለ፤
«ክሩንማ፣» አለኝ፣ «ዋጋው ውስጥ ሰፍተሽው ነበር።»

አፈርኩ። እውነቱን ነው።
ሳቄ መጣ፣ ከንፈሬ ላይ መለስኩት፤
ለሁለት መቶ ሃምሳ አይሳቅም።

ጩኸቴ ጎትቷት ዶክተር ጀማነሽ ወጣች፣
ጭንብሏን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ አየችኝ፤ አልተቆጣች።
«ድንጋዩስ ተነሣ፣» አለች፤ «የቀረው ይሄ ነው፣»
ጣቷን ወደ ራሷ የፊት ጥርስ አስጠግታ፣ «እዚህ ጋ ያለው፤
ክር የቦረቦረው፣
የመርፌ ዓይን የሚያህል መንገድ።
ስንት ዓመት በጠስሽበት?»
«ሃያ ስድስት።»
«ለእሱስ ማን ከፈለሽ?»

መልስ አጣሁ።
መቀስ አለኝ እኮ። ሁለት መቀስ አለኝ።
ግን እጄ ጨርቅ ሲይዝ፣ አፌ ነው የሚቀርበኝ።

ገንዘቤን አልመለሱም፤ እኔም አልለመንኩም።
ሁለት መቶ ሃምሳ ግን ዛሬም በዝቷል፤ ቃሌን አልቀየርኩም።

ከሰዓት ወንድይፍራው መጣ፣ ዚፕ ሊያስቀይር፤
«ስንት ነው?» አለ፣ እንደ ልማዱ ሊከራከር።
ካርቶን ቀደድኩና በልብስ ጠመኔ ጻፍኩለት፦
ዚፕ፣ ሃምሳ።
እጅ፣ ስልሳ።
ሌላ፣ አስር ብር።

«ሌላ ምንድን ነው?»
አለ፣ ካርቶኑን ወደ ብርሃን አዙሮ።
ክሩ እጄ ላይ ነበር። መቀሱ ከጨርቁ ስር።
ከንፈሬን ገልጬ
አሳየሁት።