ማፍረስ ክልክል ነው

በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ደብረ ብርሃን ሳለሁ፣
በካላንደር ሥዕል ይህን ቤት አይቻለሁ።
የጥቅምት ወር ነበር።
ፎቁ ላይ በረንዳ፣ እንጨቱ እንደ ጥለት፣
ቀለሙ ልክ እንደ ተቀባበት ዕለት፣
ዐሥራ ሁለት መስኮት።
ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ሲለካኝ ቆሜ፣
በአንዱ ገብቼ በሌላው ስወጣ ስንቴ ዋልኩ በሕልሜ።

ሠላሳ ዓመት ቆየ።
ዘንድሮ ማራናታን፣ ጫማዋን አስሬ፣
«ነይ ቤት ላሳይሽ» አልኳት፤
ታክሲው ፒያሳ ጣለን፤ የቀረውን በእግሯ፣ የቀረውን በእግሬ።

መንገዱ ዳር ያምራል፣ አልዋሽም።
አዲስ ሣር፣ አዲስ መብራት፤ ዘንባባውም አልተረሳም።
ከዚያ አረንጓዴ ቆርቆሮ።

«የበጅሮንድ ውብነህ ቤት?» ብለን ብንጠይቅ
ሊስትሮው «አላውቅም»፣ ባለሱቁ «ፈርሷል»፤
አንዲት ሴት ግን፣ «ጀሪካን የሚሸጥበት?» ብላ
በአገጯ ጠቆመችን።

ጋሽ ደበላ ወጣ፣ ሬዲዮኑን በብብቱ ይዞ፣
ካፖርቱ የሌላ ሰው፣ ደረቱ ላይ በሽቦ ተይዞ።
«ሃምሳ ብር።» «ለምኑ?» «ለማየቱ።»
«ደረሰኝስ?» ስለው ሳቀ፤
ሦስት ጥርስ ነው የቀረው፣ እንደ ቤቱ።

መስኮቶቹን ቆጠርኩ። አራት።
ሁለቱ ጡብ ጎርሰዋል፣ አንዱ ሸራ ለብሷል፣
በአራተኛው በኩል ሰማይ ይታያል፤
ከውስጥም ሰማይ፣ ከውጭም ሰማይ።
ያ ጥለት እንጨት፣ በመዶሻና በመሮ የተፈለፈለ፣
ግማሹ ለምድጃ፣ ግማሹ ለዶሮ ቤት ዋለ።
በተረፈው በረንዳ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል፤
ደረጃው ሦስተኛው እርከን ላይ ሐሳቡን ለውጧል።
ግድግዳው ላይ በከሰል «ሳሚ እና ሕሊና»፤
ከሥሩ «መሽናት» ይላል፤
«ክልክል ነው» የሚለው ረግፏል ገና ድሮ፤
ሕዝቡም ለቀረው ቃል ታዝዟል፣ ተባብሮ።

«አባዬ፣ ቤቱ የታለ?»
«ይኸው።»
«ይሄማ ግድግዳ ነው።»

በጅሮንዱ ማን እንደ ነበር ልነግራት አሰብኩ።
ከካላንደሩ ግርጌ ከተጻፈች አንዲት መስመር በቀር
ለካ እኔም የማውቀው የለኝም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥዕል ነበር የወደድኩ፤
ወደ ሰውየው በር አንድ ቀን አላንኳኳሁ።

ታፔላው በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ፣ ዘሞ፣
«ቅርስ ነው፤ ማፍረስ ክልክል ነው» ይላል፤
ማኅተም አለው ደግሞ።
እውነቱን ነው። ማንም አላፈረሰም።
መፍረስ ግን አልተከለከለም።
ዝናቡን ማን ከሰሰው? ምስጡንስ ማን ያዘው?

ልንወጣ ስንል ጋሽ ደበላ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ።
«ለመሆኑ…» አለ፤ አቀርቅሮ፣ አፈር እየነካካ በጫማው፣
«ዐሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁት፤ የነገረኝ የለም፤
ድሮ ምን ይመስል ነበር?»

ነገርኩት። ጥለቱን፣ ቀለሙን፣
በረንዳው በየት ዞሮ በየት እንደሚገባ።
እሱ ፎቁ የነበረበትን አየር ቀና ብሎ አየ፤
ልጄ ጣቷን ቀሰረች፤ ባዶው ላይ መስኮት ቆጠረች፤
ዘጠኝ ላይ ተሳሳተች፣
እንደገና ከአንድ ጀመረች።
ሃምሳ ብሬን አልመለሰልኝም። እኔም አልጠየቅኩ።

ሌሊት ይህን ልጽፍ ብቀመጥ ቤት አልመታ አለኝ።
አንዱን መስመር ሳቆም ሌላው ይዘማል፤
ስደግፈው ይረግፋል፤
እኔም ጥዬው አደርኩ፣ እንዳለ።

አሁን ውጭው ዘነበ።
ጋሽ ደበላ ሬዲዮኑን ታቅፎ
ወደ ደረቁ ጥግ ሄዶ ይሆናል፣
ደረቅ ጥግ ካለ።