አንድ ትርፍ ሰው

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ዴይራ፣ ናይፍ ሠፈር፣
ከላውንድሪው ማዶ፣ ከማቆሚያው ዳር፣
ባሕሩ ላብ ሆኖ ከሰው አንገት ሲያድር፣
ቆሜ እቆጥራለሁ፤ አውራ ጣቴ ነው ሥራዬ፤
ቀጭ፣ አንድ ሰው ገባ፤ ቀጭ፣ ሌላው ከኋላዬ፤
የሚሳፈር በቀኜ፣ የሚወርድ በግራዬ።

ሊፍት ጠራጊው መጣ፣ ዓይኑን እያሸ፣
የዓሣ ገበያው ልጅ፣ ጓንቱ እንደቆሸሸ፤
ከፈረቃ ወጥቶ ጧት የመሸበት
ዘበኛ ገባና ደገፍ አለ ብረት፤
ቀጭ አልኩት፤ ለእኔ እሱ አንድ ነው፣ አንድ ምልክት።

ኢንጂነር ናምቢያር ክፉ ሰው አይደለም፤
ካርታ ሲዘረጋ ድምፁን አያነሣም፤
ውኃ ሳያቀርብልን ሥራ አያስጀምርም።
«መስመር ገመድ ነው» አለን፣ «ማቆሚያ ቋጠሮ፤
ቋጠሮ ሲበዛ ገመድ ያጥራል ዞሮ።
አንድ ማቆሚያ ማለት ደቂቃ ተኩል ነው፤
ናይፍ ላይ ብቻውን አምስት ቋጠሮ አለው፤
ከመስመሩ ጫፍ ላይ የሚጠብቀውን ሰው
ማነው የሚያስበው?»
ሦስቱን ሊፈታቸው እርሳሱን ቀረጸው።

እኔ ነኝ ያ ሰው፤ ካምፔ ከጫፉ ነው፤
ሙሃይስና፣ ከተማው ደክሞት፣ አሸዋው ካስቆመው።
ሦስቱ ቢቀነሱ ስንት እንደማተርፍ በጣቴ አሰላሁት፦
አራት ደቂቃ ተኩል መሄጃ፣ ያንኑ መመለሻ፣
በሃያ ስድስት የሥራ ቀን መታሁት፤
በወር ወደ አራት ሰዓት።
እንቅልፍ ለጠማው ሰው ይህ አንድ ሌሊት ነው።

ደግሞ ካርታው አለ፣ ቀለም የተቀባ፤
ሰው የበዛበቱ እንደ በርበሬ ቀይ፣ የሳሳው እንደ ገለባ።
ናይፍ ብርቱካን ነው። ለምን? ብዬ ስጠይቅ፣
«አልጋ ነው የቆጠርነው» አሉኝ፣ ሳቅ እያሉ ፍንድቅ፤
አንድ አልጋ፣ አንድ ሰው።

ጦይባን ግን ጠይቁ።
ከፀጉር ቤቱ በላይ፣ ስምንት አልጋ፣ ሃያ አንድ ሴት፤
አንዷ ስትነሣ አንዷ የምትገባበት፣
ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ዓመት የሞላበት።
ካርታው ስምንት ይላል፤
ትራሱ ግን ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ስትመታ፣
ጦይባ ከቅያሱ ብቅ አለች፣
ጉልበቷን በእጇ ደግፋ፣ በሩጫና በዝግታ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ደረጃ ያጠበ ጉልበት።
ሹፌሩ ዘግቶ ነበር፤ መስታወቱን መታች፤ ከፈተላት።
ቀጭ።

እዚህ ባይቆም ኖሮ፣ እስከሚቀጥለው ስድስት መቶ እርምጃ ነው፤
ያውም በናምቢያር እግር። በእሷ እግር ማን ቆጠረው?
አላየችኝም፤ በቢጫ ሰደርያዬ የመንገድ ዕቃ ነው የመሰልኳት።
አውራ ጣቴ ግን፣ እኔን ሳያማክር፣
ቀጭ፤ ደገማት።

አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለጉልበቷ።
ልመልሰው ብል አይመለስም፤ የዚህ ብረት ጥርሱ ወደፊት ብቻ ነው የሚነክሰው።
የማንን ሰረቅኩ? የካምፔን ልጆች፣ የጎረቤት አልጋ፣
የራሴንም እንቅልፍ፤ ቆንጥሬ ለእሷ ሰጠሁ፣
ይሁን አትበሉኝ፤ ሌሎቹን አላማከርኩም።

ሐሙስ ማታ ናምቢያር የሁሉን ማቆሚያ ወረቀት ሰበሰበ፤
ገቢውን ከወራጁ ደመረ፣ ቀነሰ፣
መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አበሰ፦
«ከአሥራ አንድ ሺህ ውስጥ አንድ ሰው ይተርፋል፤
ተሳፍሯል፣ አልወረደም። ታዲያ የት ደረሰ?»
ሌላ ሰው ቢሆን ይሰርዘው ነበር፤ እሱ በእርሳስ ከበበው።

«እንጃ» አልኩ።

ወደ ሙሃይስና የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ ናይፍ ገባ፤
አምስቱም ቦታ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፣ ወበቁ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።
ጣቴ በባዶ ኪሴ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።
ከአራተኛውና ከአምስተኛው መሐል
እንቅልፍ ወሰደኝ።