በሩን የሚያይ ወንበር

ክፍሉ ድሮ የፍራሽ መጋዘን ነበር፤
ዛሬም ፀሐይ ሲመታው ስፖንጅ ስፖንጅ ይሸታል።
ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ፣
ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ወንበር ይዞ ይጠብቀናል።

ሲስተር ኩለኒ ወንበሩን ክብ ሠርታ ትወጣለች፤
ስትመለስ ክቡ የለም።
ጀርባዋን ለበር የምትሰጥ ሴት
ከኛ መሃል አንድም የለም።
ጎትተን፣ ጎትተን፣ ግድግዳ ሥር ተደርድረናል፤
ሚኒባስ እንደሚጠብቅ ሰው
ወዳንድ ወገን አፍጥጠናል።

መጀመሪያ ቀን ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።
የራሷን ወንበር አንስታ
በሩን በጀርባዋ ደግፋ ተቀመጠች።
«መግባት የፈለገ በኔ ላይ አልፎ ነው» አለች።
በእጇ የያዘችው አንድ እስክሪብቶ ነው፤
ግን አመንናት።

እዚህ ስም ኋላ ነው የሚመጣው።
እኔ ጫት ነኝ። ብርቅነሽ አረቄ ናት።
ሸሪፋ ኪኒን።
ብርቅነሽ የምትሸጠውን መጠጣት የጀመረችው ለእንቅልፍ ነው፤
«ባሌ ከተቀበረ አምስት ዓመቱ» ትላለች፣
«ኮቴው ግን አልተቀበረም።»
ሸሪፋ ከሪያድ ያመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስ፣
አንድ የማይተኛ ጆሮ፤
ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች፣
«አቤት» ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ትነክሳለች።
እኔ ስመረቅን ያ ሌሊት ያጥርልኛል፤
ስወርድ ከመጀመሪያው ይጀምራል።
የሰው ዱካክ ጅብ ነው፣ ገደል ነው ይላሉ፤
የኔ ዱካክ ፊት አለው፣
መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ፊት።

ሙንተሃ ሰባት ረቡዕ አልተናገረችም።
የሻርፗን ጫፍ ትቋጥራለች፣
ትፈታለች፣ ትቋጥራለች።
ምን እንደምትወስድ እንኳ አናውቅም ነበር።

በስምንተኛው ሐምሌ ገባ።
የጅማ ዝናብ አያንኳኳም፤ ሰብሮ ነው የሚገባው።
ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ
ሲስተር አፏን ከፍታ ዘጋች፣
በእጇ «እንጠብቅ» አለችን።

ያኔ የሙንተሃ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።
አየን እንጂ አልሰማንም።
ሲስተር ጠጋ ልትል ስትነሳ
ብርቅነሽ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት፤
ለዝናቡ ነው የምትነግረው።

ረጅም ነበር።
አንዴ እጇ አንገቷን ነካ።
አንዴ አራት ጣት አሳየች፤
አራት ምን እንደሆነ አልጠየቅንም፣ እስከዛሬም አናውቅም።
መሃል ላይ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ፈገግ አለች።

ዝናቡ ድንገት ሲያባራ አንድ ቁራጭ ብቻ ተረፈ፦
«…ከዚያ በሩን ራሴው ዘጋሁት።»

ማንም አላለቀሰም።
ጣሪያው ይንጠባጠባል።
ሲስተር «ልትደግሚልን ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀች፤
ስምንታችንም ባንድ አፍ «ሰምተናል» አልን።
ሸሪፋ ማስቲካ አውጥታ ሰጠቻት፤
ሙንተሃ ግማሹን በጥርሷ ቆርጣ ለኔ።

ስወጣ አዌቱ ጭቃ ለብሶ ሞልቷል፣
ባጃጆች በውሃ ይዋኛሉ።
ከድልድዩ ማዶ ያ ልጅ ሸራውን ወጥሮ
እርጥብ ቅጠል እየገለበጠ፣
«ለጋ ነው እቴ፣ የዛሬ ነው።»
አስራ ዘጠኝ ቀኔ ነው።
አለፍኩት ብዬ አልዋሽም፤ ቆምኩ።
ሁለት መቶ ብር ጡቴ ሥር ታጥፎ ይሞቃል።

እንደገና ጀመረ ዝናቡ።
ሸራው ሥር ገባሁ፣
ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ።
ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እንደቆየ ያወቅሁት
ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣
«ስንት እስር አልሽኝ?» ሲለኝ ነው።