ጉጥ

አሥራ አንድ ዓመት በርጩማ ጠረብሁ፣ ሂርማታ ዳር ቆሜ፣
አንዴም ሳልቀመጥ በገዛ ድካሜ።

ቀኝ ዳሌዬ ውስጥ፣ ከጭኔ አጥንት አንገት፣
እንደ ዋንዛ ጉጥ፣ ያልጠሩት እንግዳ በቅሎ እንደ ዘበት፣
ጎንበስ ስል ይወጋል፣ ስቀመጥ ይገፋል፣
ሌሊት ግን ዝም ብሎ ከእኔ ጋር ያንቀላፋል።
መስጊድ ሰው ግንባሩን ሲደፋ፣ እኔ አንገቴን ሰብሬ
ቆሜ ነበር፣ ብቻዬን፣ እንደ ምሰሶ ተገትሬ።

«ነቀርሳ ነው» አለ አንዱ፣ መርካቶ ላይ፣ እንጨት እየለካ፤
«ቢላ ከነካው ይዛመታል።» ፈራሁ፤ ዓመት በዓመት ተተካ።

ባጃጁን የጠራች ሉባባ ናት፣ መታወቂያዬን በቦርሳዋ ይዛ፤
«ቆሞ ከሚበላ ባል ጋር ማዕድ መቁረስ በዛ!»
በአንድ ጎኔ ተንጠልጥዬ አዌቱን ተሻገርን።

ዶክተር ኩለኒ ራጁን ወደ መስኮቱ አነሣች፤
ውጭ ያካፋል፤ አጥንቴ በካፊያው ላይ ነጭ ሆና ታየች።
«ይሄ» አለች «ክፉ አይደለም፤ ካንሰርም አይመስለኝ፤ እናያለሁ፤
የመጨረሻውን ናሙናው ይናገራል። እኔ ግን ከሥሩ አወጣዋለሁ።»
ክፉ ካልሆነ ለምን መቀመጫዬን ቀማኝ? ልላት ነበር፤ ተውሁት።
(ክፉ ሳይሆን መቀመጫ የሚከለክል ስንት ጎረቤት አለ፣ እንኳን አጥንት።)

ማታ፣ ከጎኔ አልጋ፣ ከዴዶ የመጣ፣ ከፈረስ የወደቀ፣
«አንተን ደግሞ ምን ጣለህ?» አለኝ። «መውደቅስ ደኅና ነበር፤ መቀመጥ ነው የቸገረኝ።»
ጎኑን ይዞ ሳቀ፤ «በአላህ፣ አታስቀኝ» አለኝ።

ከወገቤ መርፌ። ከዚያ ወዲያ እግሬ የሰው።
በአረንጓዴ ጨርቅ ዓይኔን ጋረዱት፤ ጆሮዬን ማን ይጋርደው?
ሰማሁ፦ መዶሻ፤ ከመዶሻው ሥር መሮ።
የገዛ ሙያዬ፣ በገዛ አጥንቴ ላይ፣ ሊሠራ ተቀጥሮ።

ቷ። ቷ። ዝም። ቷ።

እጇን በድምፁ አወቅሁት፤ የሠለጠነ ነው፣ አይቸኩልም፤
ደረቅ ዋንዛ ይጮኻል፣ እርጥቡ ያጉረመርማል፤ አጥንት ሁለቱንም አይመስልም።
«ግንዱን እንዳትነኪ! ጉጡን ብቻ፣ ከመነሻው» አልሁ፣
ሳላስበው፣ ተለማማጄ መስላኝ፤ ከጨርቁ ወዲያ ሳቅ ሰማሁ።
«ኦቦ ሙዘይን» አለች፣ «እንጨቱ ዝም ይበል።»
ዝም አልሁ።

ኋላ በብልቃጥ አሳዩኝ፤ አውራ ጣት የምታህል፣ ጫፏ እንደ አበባ ጎመን፤
ይህች ናት? ይህች ናት እኔን ስታቆም የኖረች ይህን ሁሉ ዘመን?

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ሉባባ ሦስቴ አስነበበች፤
በሦስተኛው «እንግዲህ ተቀመጥ» ብላኝ ወደ ጓሮ ወጣች።

ክራንቹን ግድግዳ አስደግፌ፣ ካልተሸጡት በርጩማዎች አንዱን ሳብሁ፤
ቢስሚላህ። ቀስ ብዬ። ጉልበቴ ታጠፈ፤ ዳሌዬ ታጠፈ፤ ተቀመጥሁ።

አልተመቸኝም።

ወደ ግራ ያዘነብላል። ጎድጓዳው ጠባብ ነው፣ ጠርዙ ይቆረቁራል፤
ከአጋሮ እስከ ሊሙ ስንቱ ሰው ይሆን፣ ይሉኝታ ይዞት፣ በስውር ዳሌውን የሚያሻሽ?
አሥራ አንድ ዓመት! አንድ እንኳ መጥቶ «ይሄ ነገር ይወጋል» የሚል
ጠላት አጣሁ?

«ያቺን መሮ አምጣት» አልሁት ልጁን። «ያንንም የተጠረበውን፣ ሁሉንም መልሰው።»
በርጩማ መጥረብ፣ ተቀምጬ፣ ገና አሁን ነው የምጀምረው።