ሁለት ይቀነስ

ጉም ከጦሳ ወርዶ ሸዋ በርን ሲውጥ፣
አምፖሏን አቀረብኩ፣ ጀርባዋ እስኪገለጥ።
የአበጋዝ ቴስተር፣ ባለ ጥቁር ሳጥን፣
አርባ ዓመት ያዳመጠች የስንት ሬድዮ ሆድ፣ የስንቱን፣
ዛሬ እሷው በሽተኛ፣ ተጋድማ ከፊቴ፤
«መርማሪን ማን ይመርምር?» አልኩት ለመብራቴ።

አቧራዋን ጠረግሁ በጥርስ ብሩሽ ጫፍ፣
ጸጉር መሳይ ጥምዟን ሳልነካ ለማለፍ።
ምንም ሳልለካባት መርፌዋን ብጠብቅ፣
ከሁለት አትወርድም፣ ዜሮን የማታውቅ።
የዜሮዋ ብሎን ዝጎ ኖሯል ለካ፤
ጠብታ ዘይት ሰጥቼ፣ ቆይቼ ብነካካ፣
እሺ አለች።
ዜሮ ላይ ተኛች።

ደስታዬ ግን አልቆየ፤ ደብተሩን ስከፍት፣
የሐይቅ፣ የኩታበር፣ የቢስቲማ ሬድዮ፣ ቁጥሩ ሁሉ በሁለት
ከፍ ብሎ ተጽፏል፣ በሱ ሰያፍ እጅ፤
ዘጠና ያለው ሁሉ ሰማንያ ስምንት ነው እንጂ!
ያውቅ ነበር? ወይስ እጁ ነው የለመደ?
በጠማማ ቃሏ ስንቱ ዲዳ ሳጥን አፉን ፈትቶ ሄደ!

እርሷ ልክ በሆነች እሱ እንዳይሆን ሐሰት፣
ከሽፋኑ ግርጌ፣ በእርሳስ ቅሪት፣
«ሁለት ይቀነስ» አልኩ።
ከስሙ ግን ምንም አልቀነስኩ።